ሰርቨሩን አስነሳልኝ

(አዳማ፣ የአንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ቢሮ፤ የጃቫ ፕሮግራመሩ ናሁሰናይና የገጽ ዲዛይነሯ ማህደር አዲሱ የአውቶቡስ ትኬት ድረ ገጽ ድርጅቱ በለመደው የገጽ መሥሪያ በጄኤስፒ ይሠራ ወይስ በሌላኛው በታይምሊፍ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ተስማምተው ለሥራ አስኪያጇ ፈርመው መስጠት አለባቸው።)

ናሁሰናይ፦ አልፈርምም አልኩ አልፈርምም! ጄኤስፒ ምን በደለሽ?

ማህደር፦ ምን ያልበደለኝ አለ? ገጹ ያለ ሰርቨር አይከፈት፤ አንድ ቀለም በቀየርኩ ቁጥር፣ «ናሁዬ፣ ሰርቨሩን አስነሳልኝ፣ ገጼን ልየው» እያልኩ ወንበሬን እየጎተትኩ አንተ ዘንድ።

ናሁሰናይ፦ አንድ ቀን እምቢ ብዬሻለሁ?

ማህደር፦ አላልክም። ግን ሥራዬ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ! ወተቷን ለማየት ያንተን ደጅ መጥናት። ታይምሊፍ ከሆነ ፋይሉን ጠቅ ሳደርገው ብሮውዘሩ ላይ ይከፈትልኛል። ሰርቨር የለ፣ ልመና የለ።

ናሁሰናይ፦ ይሄን ማን ነገረሽ?

ማህደር፦ ኪሩቤል።

ናሁሰናይ፦ ኪሩቤል! ከተቀጠረ ገና ሁለት ወሩ፣ ቢሮው ሁሉ ኪሩቤል ኪሩቤል! እኔ የዛሬ ሰባት ዓመት ጄኤስፒ ስጽፍ እሱ የት ነበር?

ማህደር፦ ሃይስኩል።

ናሁሰናይ፦ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። መልአኩ ኪሩቤል ከተባለ ደግሞ ይብሳል!

ማህደር፦ ስለ ታይምሊፍ ነው የምታወራኝ ወይስ ስለ ልጁ?

ናሁሰናይ፦ ስለ ታይምሊፍ ነዋ! ያሉን ገጾች ሁሉ በጄኤስፒ የተሠሩ ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።

ማህደር፦ የድሮዎቹን ማን ነካቸው? ይሄ አዲስ ሥራ ነው። ደግሞ ባለፈው ዓመት አንተው ራስህ፣ «ጄኤስፒ ውስጥ ጃቫውና ገጹ ተደባልቆ ዓይኔን አጠፋው፤ ታይምሊፍ ንጹሕ ነው» አላልክም?

ናሁሰናይ፦ ያኔ እሱ አጠገብሽ አልተቀመጠማ።

ማህደር፦ ምን አልክ?

ናሁሰናይ፦ ማለቴ... ትናንት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አብራችሁ ነበራችሁ። ሳቃችሁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ታይምሊፍ ያን ያህል ያስቃል?

ማህደር፦ ያሳቅከንስ አንተ ነህ። «ናሁሰናይ አንቺ ስትመጪ ለምንድን ነው ኮሌታውን የሚያስተካክለው?» ብሎኝ።

ናሁሰናይ፦ ይሄ ውርጋጥ! በቃ፣ ታይምሊፍ የሚባል ነገር እዚህ ቢሮ አይገባም።

ማህደር፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ታይምሊፍ ምን አጠፋ? ቀናሁ አትልም?

ናሁሰናይ፦ ቀናሁ! ይኸው፣ ቀናሁ! አንጀቴ እርር ብሏል። የኔ ቀን የሚጀምረው አንቺ ወንበርሽን እየጎተትሽ ስትመጪ ነው። ሰርቨሩ እስኪነሳ ያለችው ሁለት ደቂቃ... እሷን ነው ይሄ ልጅ የሚወስድብኝ። አንዳንዴማ ሆን ብዬ አዘገየው ነበር።

ማህደር፦ አውቃለሁ።

ናሁሰናይ፦ እንዴት አወቅሽ?

ማህደር፦ እኔ ኮምፒውተር ላይ በግማሽ ደቂቃ ይነሳል።

ናሁሰናይ፦ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨሩ አለ እንዴ?

ማህደር፦ ከጫንኩት ዓመት አለፈው። በል ፈርም፤ ከነገ ጀምሮ ወንበር የምትጎትተው አንተ ነህ።