ገመድ ያዡ

ደሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ባሏ አስናቀ ከሞተ ስምንት ወር የሆናት ትርሲት እና የባሏ ጓደኛ ይርዳው፣ ሦስቱ በየቅዳሜው ይጫወቱት የነበረውን የወረቀትና የዳይስ ጨዋታ የያዘ ሳጥን መሃላቸው አስቀምጠዋል።

ትርሲት፦ አልከፍተውም አልኩህ፣ ይርዳው። ሻይህን ጠጣ።

ይርዳው፦ ሻዩን ሦስት ጊዜ አሞቅሽልኝ። የምጥለው አንድ ዳይስ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሳጥኑን ከፈለግሽ ቆልፊው፣ ከፈለግሽ ቆጥ ላይ ስቀይው።

ትርሲት፦ መጫወት ካማረህ ዳማ አለ፣ ካርታ አለ።

ይርዳው፦ ዳማ ላይ ሰው ገደል ላይ አንጠልጥዬ አልሄድኩም።

ትርሲት፦ የተንጠለጠለው የወረቀት ሰው ነው።

ይርዳው፦ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው? የጨዋታውን አገር የፈጠርሽው አንቺ? አምባዎቹን አንድ በአንድ ስለሽ፣ ነፋሱን ሳይቀር በስም የጠራሽው?

ትርሲት፦ ድምፅህን ቀንስ። ጎረቤት አለ።

ይርዳው፦ ጎረቤትማ ያውቀናል። አስናቀ በጨዋታው ስሙ «ደብተራ ጉንዳን ነኝ!» እያለ ሲጮህ ስንት ዓመት ችለውታል።

ትርሲት፦ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ጉንዳን።

ይርዳው፦ ሳቅሽ።

ትርሲት፦ አልሳቅኩም።

ይርዳው፦ እሺ፣ አልሳቅሽም። ያ ጉንዳን ግን እስካሁን ገመዱ ላይ ነው። ያዡ ደግሞ እኔ ነኝ። «ይዣለሁ» ብዬ ዳይሱን አነሳሁ፣ አስናቀ «ደከመኝ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እንጨርሰው» አለ። በዚያ ቅዳሜ ሆስፒታል ነበርን።

ትርሲት፦ እኔም እዚያው ነበርኩ። አትተርክልኝ።

ይርዳው፦ ስለዚህ ልጨርሰው። ሰኞ ወደ ጎዴ እሄዳለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ እዚያ መድቦኛል። እንደዚህ ሆኜ መሄድ አልችልም፣ ትርሲት። ለመንኩሽ።

ትርሲት፦ ያስጨነቀህ መያዙ ከሆነ ደንቡን እንለውጠው። ገመዱን ዛፍ ላይ አስረህ ሂድ።

ይርዳው፦ የቱ ዛፍ ላይ?

ትርሲት፦ አንድ እተክልልሃለሁ። አገሩ የኔ ነው።

ይርዳው፦ «በአምባዎቹ ላይ ከሣር በቀር የሚበቅል የለም» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ዛፍ ካለ ገመድ የሚይዝ ሰው ለምን ያስፈልጋል? ያዥ ካላስፈለገ ደግሞ ደም የተቃቡት ሰዎች በበዓል ዋዜማ ለምን ይታረቃሉ? ያለ ጠላቱ እጅ ማንም አምባው ላይ ወዳለው ቤቱ ስለማይወጣ አይደል? አንድ ዛፍ ስትተክዪ አገሩ በሙሉ ይፈርሳል።

ትርሲት፦ ዛፉን ተወው። አገሩ ባለበት ይሁን፤ የሚለወጠው ደንቡ ነው። የሚወጣው ሰው ራሱ ዳይሱን ይጣል።

ይርዳው፦ እሱንም ሞክረነዋል እኮ! መጀመሪያ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ሁሉም የራሱን ይጥላል፣ ለብቻው ይወጣል፣ ለብቻው ይወርዳል። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀትሽን ሰብስበሽ ተነሳሽ። «ይኼ የሩጫ ውድድር ነው እንጂ የኔ አገር አይደለም» አልሽ።

ትርሲት፦ አስናቀም ሽሮ በነካው እጁ ደንቡን ሰረዘው።

ይርዳው፦ ቅባቱ እስካሁን ወረቀቱ ላይ አለ። «የሚንጠለጠለው አይጥልም፤ የሚጥለው ያዡ ነው» ብሎ ጻፈ። አንቺም ዝም ብለሽ ተመልሰሽ ተቀመጥሽ።

ትርሲት፦ የዛሬው ይለያል። ለዚህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተንጠለጠለው ይጣል።

ይርዳው፦ እሺ። ማን ይጣልለት?

ትርሲት፦ ብርጭቆህን አምጣው።

ይርዳው፦ ትርሲት? እንዲህ ማለቴ አልነበረም።

ትርሲት፦ እንደዚያ ማለትህ ነው። ልክም ነህ። ሻይህ ቀዘቀዘ።

ይርዳው፦ ተይው ሻዩን!

ትርሲት፦ ከሦስት በላይ ካልመጣ ገመዱ ያመልጣል። አይደለም?

ይርዳው፦ ያመልጣል።

ትርሲት፦ ከዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል። በእጁ የጻፈው ወረቀት። «ቁመት፦ ሲቀመጥ ይሻላል» ብሎ የጻፈበት።

ይርዳው፦ ግማሽ በግማሽ ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ከመጣ ይወጣል። አንቺ የምታዪው ክፉውን ግማሽ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ክፉውን ግማሽ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ይርዳው።

ይርዳው፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ካልተጣለ አልወደቀም። እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። ሳጥኑ ተዘግቶ ይቀመጥ። በጎኑ ሳልፍ «አልወደቀም» እላለሁ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ሥራዬን እሠራለሁ።

ይርዳው፦ አልወጣምም እኮ። ስምንት ወር ሙሉ ነፋስ ላይ! ይኼ ነው ያዘንሽለት?

ትርሲት፦ እርግጠኛ ነህ የምታስበው ለእሱ ነው?

ይርዳው፦ አይደለም። ለራሴ ነው። እጄ ዛለ። በቃ? መኪና እየነዳሁ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጨብጬ አገኘዋለሁ። ሐኪሙ ምንም የለህም አለኝ። ምን ልበለው? ገመድ ይዤ ነው ልበለው?

ትርሲት፦ ይኼ የጨዋታው ገመድ አይደለም።

ይርዳው፦ አይደለም።

ትርሲት፦ እንግዲያስ ተናገረው። ሳጥን ክፈቺ እያልክ አትዙርብኝ።

ይርዳው፦ የመጨረሻው ቀን፣ አንቺ ልብስ ልታመጪለት ወደ ቤት ስትሄጂ… አደራ ብለሽኝ ሄድሽ።

ትርሲት፦ ብዬሃለሁ።

ይርዳው፦ ነቃ። «ይዘኸኛል?» አለኝ። እየሳቀ ነበር፣ በዚያ ትንፋሹ። «ይዣለሁ» አልኩት። ወዲያው ስልኬ ጠራ፣ እህቴ ነበረች፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አስር ደቂቃ አይሞላም። ስመለስ…

ትርሲት፦ አውቃለሁ።

ይርዳው፦ ምኑን ነው የምታውቂው? ለማንም አልተናገርኩም።

ትርሲት፦ መውጣትህን አውቃለሁ።

ይርዳው፦ ስምንት ወር ሙሉ እያወቅሽ ነው ሻይ የምታፈዪልኝ? ስደቢኝ እንጂ! ከቤቴ ውጣ በይኝ! ልቅሶው ላይ እኮ «ይርዳው አጠገቡ ነበር» እያልሽ ለሰው ትናገሪ ነበር!

ትርሲት፦ ሌላ ምን ልበል?

ይርዳው፦ ማን ነገረሽ?

ትርሲት፦ ማንም። ወደ ቤት አልሄድኩም።

ይርዳው፦ ምን?

ትርሲት፦ ልብስ ላመጣ አልሄድኩም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ልግባ ብዬ እነሳለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። ሲታገል ማየት አቅቶኝ ነበር። አንተ ስትወጣ አየሁህ። ጀርባህን ሰጥተህ፣ በግራ እጅህ ግድግዳውን እየፋቅክ ታወራለህ። «አሁን ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም» ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተነሳሁም።

ይርዳው፦ ትርሲት…

ትርሲት፦ እስከ ክፍሉ በር አስራ ሁለት እርምጃ ነው። በኋላ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ።

ይርዳው፦ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ብቻዬን…

ትርሲት፦ ብቻህን እንደያዝክ ተውኩህ። ለዚያ ነው ሻዩን ደጋግሜ የማሞቅልህ። መሐረብ ይኸውልህ። እኔ ጨዋታውን የምመራው ሰው ስለሆንኩ ገመድ አልነካም ማለት ለምዶብኛል።

ይርዳው፦ ደንቡ ነው። መሪ አገሩን ይተርካል እንጂ ገመድ አይነካም።

ትርሲት፦ ሁለት ሰው ሲይዝ ምን ነበር የሚለው?

ይርዳው፦ ሁለት ዳይስ ይጣላል፣ የሚበልጠው ይቆጠራል።

ትርሲት፦ ከሦስት በላይ አንዱም ካልመጣስ?

ይርዳው፦ ያዦቹም ከተንጠለጠለው ጋር ይወርዳሉ። ሦስት ወረቀት ይቀደዳል። ለምን ትጠይቂኛለሽ?

ትርሲት፦ ሳጥኑን ክፈተው።

ይርዳው፦ አንቺ ክፈቺው። እኔ እጄ…

ትርሲት፦ እሺ። የእሱ ጠረን አልወጣለትም። ይኸው የጉንዳን ወረቀት። ይኸው ያንተ። አንድ ባዶ ወረቀት ስጠኝ።

ይርዳው፦ ምን ልታደርጊ ነው?

ትርሲት፦ መምራቱን ትቻለሁ።

ይርዳው፦ ታዲያ ማን ይመራል?

ትርሲት፦ አገሩ አለ፣ ደንቡ አለ። ይበቃናል። ጻፍልኝ። ስም፣ ትርሲት።

ይርዳው፦ በራስሽ ስም?

ትርሲት፦ በራሴ። ሥራ፣ ገመድ ያዥ።

ይርዳው፦ ቆይ፣ ቆይ። ሁለቱም ቢያንሱስ? ትርሲት፣ ሁለቱም ቢያንሱ ምን እንሆናለን?

ትርሲት፦ ይዣለሁ። ጣል።