የዘለቀ ቤት ደረት

ብቸና ከተማ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጥሩዓለም ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለሽማግሌዎች ጠላ የሚሆን ጌሾ ትወቅጣለች፣ የሟች ወንድሟ የምንይችል ሚስት አዝመራ ጥቁር እንደለበሰች ከፊቷ ቆማለች።

ጥሩዓለም፦ ደሜን አልሰጥም አልኩሽ እኮ! በአማርኛ ነው የነገርኩሽ።

አዝመራ፦ ትንሽ ነው እትዬ። በመርፌ ቀድተው በብልቃጥ ይወስዷታል፣ አለቀ።

ጥሩዓለም፦ ወንድሜን ማስቀበርሽ አነሰና አሁን ደግሞ እኔን ልታስቀጂ መጣሽ?

አዝመራ፦ እኔ ምን አድርጌ ነው ያስቀበርኩት?

ጥሩዓለም፦ አባትሽ አገር ለቅሶ ደርሰሽ ስትመለሺ ያንን ጉንፋን ተሸክመሽ የገባሽው አንቺ አይደለሽም? አንቺ አስነጥሰሽ፣ አፍንጫሽን ጠርገሽ ተነሳሽ። እሱ ተኝቶ ቀረ። ሌላ ምን ታደርጊ፣ በቢላ ትውጊው?

አዝመራ፦ ጉንፋኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አልካድኩም። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ይስል ነበር። ግን እርስዎንም ይዞዎት ነበር። ጎረቤቱንም አዳርሷል። እርስዎ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘው ነበር፤ የአንድ አባት ልጆች ናችሁ። እሱ ለምን ሞተ?

ጥሩዓለም፦ እግዜር ወደደው።

አዝመራ፦ እግዜር ከወደደው እኔን ለምን ገዳይ ይሉኛል?

ጥሩዓለም፦ አቤት አፍ! ባል ሲሞት ምላስ ይረዝማል እንዴ? እሱ በሕይወት እያለ እኮ ዓይንሽን ከመሬት አታነሺም ነበር።

አዝመራ፦ ያኔ የሚናገርልኝ ሰው ነበረኛ። ስሙኝ እትዬ። ለራሴ ብዬ አይደለም። ልጄን ቃልአብን ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ሰክተው ነው ያተረፉልኝ። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ንፍጡን እየጎተተ ኳስ ሲጫወት የኔ ልጅ ትንፋሽ አጥቶ ነበር። ሐኪሙ ይኼን አይቶ ነው የጠረጠረው። አባትና ልጅ በአንድ ጉንፋን እንዲህ ሲሆኑ ነገሩ ከአፈጣጠር ሊሆን ይችላል አለኝ።

ጥሩዓለም፦ ከአፈጣጠር! ምን ጎደለን? ዓይን ጎደለን? እግር ጎደለን?

አዝመራ፦ ጅብ በረት ሲገባ ኡኡ የሚል ሰው አለ አይደል? ሰውነታችን ውስጥም ቫይረሱ ሲገባ ኡኡ ብሎ የሚጣራ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ሲፈጠር ጀምሮ ያ ኡኡታ ይዘገያል። ሌላው ሰውነት ሰምቶ ዱላ ይዞ እስኪነሳ ጅቡ በልቶ ጨርሷል። ለዚህ ነው ያው አንዱ ጉንፋን እርስዎን አስነጥሶ እሱን የጣለው።

ጥሩዓለም፦ ሐኪሙ ነው ጅብ ያለሽ?

አዝመራ፦ ጅቡ የኔ ነው። እሱማ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የነገረኝ።

ጥሩዓለም፦ ምንይችል ነው ኡኡ የማይለው? ገበያ መሀል በሬ ሲሻሻጥ ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማ የነበረ ሰውዬ?

አዝመራ፦ ጉሮሮውን አላልኩም፤ ደሙን ነው። ይኼ ነገር ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ላንዱ ይደርሰዋል፣ ላንዱ አይደርሰውም። የምንይችልን ደም እንዳይቀዱ እሱ የለም። የታመመውንና ያልታመመውን አስተያይተው ነው የሚያገኙት፤ ስለዚህ የእርስዎ ያስፈልጋል። ካወቁት የቃልአብን ክትባት ቀድመው ይሰጡታል፣ ትኩሳት ሲነካው ምን እንደሚያደርጉለት ያውቃሉ። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

ጥሩዓለም፦ ስለዚህ የናንተ ቤት ንጹሕ፣ የኛ ቤት የበሽታ ዘር!

አዝመራ፦ የኔንም ቀድተዋል። ልጁ የሁለታችንም ነው፣ ከየት እንደመጣ ገና አልታወቀም።

ጥሩዓለም፦ እሑድ የአለቃ ስሜነህ ሰዎች ልጄን የዝናን ለልጃቸው ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሰምተሻል? ይኼን ጌሾ የምወቅጠው ክንዴን ለማፍታታት መሰለሽ? እነሱ ደግሞ ዘር ሳያጠኑ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ጥሩዓለም ለዘር በሽታ ደም ተቀዳች የሚል ወሬ ገበያ ከደረሰ ያቺ ልጅ እጄ ላይ ቀረች ማለት ነው።

አዝመራ፦ የኔም ሰዎች እኮ ዘር አጥንተው ነበር።

ጥሩዓለም፦ ታዲያ! ምን አገኙ?

አዝመራ፦ በቅሎ አገኙ።

ጥሩዓለም፦ ምን?

አዝመራ፦ አጎቴ እዚችው ደጅ ላይ ቆሞ «የልጁ አባት አቶ ዘለቀ በምን ሞቱ?» ብሎ ጠየቀ። «ከበቅሎ ወድቀው» ተባለ። የመለሱለት እርስዎ ነዎት። በቅሎዋ ቀይ እንደነበረች ሁሉ ነግረውታል።

ጥሩዓለም፦ ቀይ ነበረቻ።

አዝመራ፦ በቅሎዋማ ነበረች። አቶ ዘለቀ ግን አልወደቁም።

ጥሩዓለም፦ ማነው ያለሽ? የትኛዋ ወሬኛ ናት?

አዝመራ፦ ማንም ጠርቶ አልነገረኝም፣ ለቅሶው ላይ ነው የሰማሁት። አልቃሿ እማማ ውባየሁ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ ሲያወርዱ፣
አባቱም በዚህ ሳል፣ ልጁም በዚህ ሳል፣
የዘለቀ ቤት ደረት እንዴት ይከስላል?
አሉ። እርስዎ በክርንዎ ጎሸም ሲያደርጓቸው አየሁ። ወዲያው እሳቸው ግጥሙን ወደ በሬና ወደ እርሻ መለሱት።

ጥሩዓለም፦ አልቃሽ ለቤት መምቻ ያልሆነውን ትናገራለች እንዴ? ያስለቅስልኛል ያለችውን ነው የምትለው።

አዝመራ፦ አስለቅሶኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ምንይችልን ሐኪም ቤት ያስገባሁት ቀን ሐኪሙ የጠየቀኝ መጀመሪያ ይኼንኑ ነው። «ከባልሽ ወገን በጉንፋን፣ በሳል፣ በድንገት የሞተ አለ?» አለኝ። የለም አልኩ። «አባቱስ?» አለ። ከበቅሎ ወድቀው ነው አልኩት። እንዳያጠራጥረው ብዬ በማርያም ማልኩ! ያንቺን ውሸት እኔ ማልኩበት!

ጥሩዓለም፦ አንቺ አልሽኝ?

አዝመራ፦ አዎ፣ አንቺ!

ጥሩዓለም፦ ታላቅሽ ነኝ! የባልሽ እህት ነኝ!

አዝመራ፦ ሐቁን ብትነግሪኝ ኖሮ አሁንም እርስዎ እልሽ ነበር። እሱም ይኖር ይሆናል፣ አይኖርም ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ሐኪሙ ግን ጠይቆኝ ነበር። ጠይቆኝ በቅሎ ነገርኩት።

ጥሩዓለም፦ አንቺ ሴት ልጅ ስላልወለድሽ ነው። አባታችን ደረቱ ተዘግቶ ሞተ ብንል ማን በራችንን ይረግጣል? ነቀርሳ ነው ይላሉ፣ ሌላም ይላሉ። እናቴ ናት ከበቅሎ ወደቀ በሉ ያለችን። ገና አስከሬኑ ሳይወጣ ነው ያስጠናችን። እኔ ምን ላድርግ፣ ሙሾ አስወርጄ እናቴን ላሳጣት?

አዝመራ፦ እናትሽን ተያቸው፣ ሞተዋል። አንቺ አለሽ። እሑድ ለሽማግሌዎቹ ምን ልትያቸው ነው?

ጥሩዓለም፦ የጠየቁኝን እመልሳለሁ።

አዝመራ፦ በቅሎዋን ልታስነሺያት ነው።

ጥሩዓለም፦ ውጪልኝ ከግቢዬ! ጥቁር ለብሰሽ ደጄ ላይ መቆምሽ ራሱ ደግ አይደለም። ውጪ!

አዝመራ፦ ... ማነው ውስጥ የሚስለው?

ጥሩዓለም፦ ማንም። የጌሾው ብናኝ ነው።

አዝመራ፦ ጌሾው እዚህ ነው፣ ሳሉ ጓዳ ነው።

ጥሩዓለም፦ ቤቴን ልትቆጣጠሪ ነው የመጣሽው?

አዝመራ፦ የዝና ናት። ከመጣሁ ጀምሮ ወጥታ ሰላም አላለችኝም፤ አኩርፋኝ መስሎኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጥሩዓለም፦ ምች ነው። ልብስ አጥባ በላብዋ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ዳማከሴ ጨምቄ ሰጥቻታለሁ፣ ያልባታል ይለቃታል።

አዝመራ፦ ለምንይችልም ዳማከሴ ይዘሽ መጥተሽ ነበር። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ እያለ «ለጉንፋን ሐኪም ቤት ተሂዶ ምን ሊባል ነው፣ ይውጣለት» ብለሽ የመለስሽን አንቺ ነሽ። እኔም ሞኝ፣ ሰማሁሽ።

ጥሩዓለም፦ ለሱ ብዬ ነው! ወንድሜ ነው!

አዝመራ፦ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው እስካሁን ገዳይ ያላልኩሽ። እልፍ በይ።

ጥሩዓለም፦ ግቢ አላልኩሽም! አንቺ ሴትዮ! ግቢ አላልኩሽም!

አዝመራ፦ የዝና፣ እኔ ነኝ። ቀና በይ እስቲ። አትናገሪ፣ ተይ፣ በእጅሽ ብቻ መልሺልኝ። ... ጥሩዓለም፣ ነይ። ከንፈሯን አይተሽዋል?

ጥሩዓለም፦ ጓዳው ጨለማ ነው።

አዝመራ፦ መጋረጃውን ግለጪውና እይው፣ ጠቁሯል።

ጥሩዓለም፦ ... ጠዋት ደህና ነበረች። አጥሚት ጠጥታለች። እውነቴን ነው፣ ጠጥታለች።

አዝመራ፦ ምንይችልም ጠጥቶ ነበር።

ጥሩዓለም፦ እኔን እኮ ምንም አላደረገኝም! አንቺው ራስሽ ወፍጮ ቤት ሄድሽ አልሽኝ። እኔን ካልነካኝ ለሷ ከየት ይመጣል?

አዝመራ፦ ይዘሽው ሳያምሽ ለልጅ ልታወርሺ ትችያለሽ ነው ያለኝ። ምናልባትም የለብሽም፣ ምናልባት የሷ ሌላ ነው። እኔና አንቺ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠን አናውቀውም። የጎኗን አጥንት እይው፣ ስትተነፍስ እንዴት እንደሚገባ።

ጥሩዓለም፦ እሑድ ሰዎች ይመጣሉ እኮ። ድንኳን ተነግሯል...

አዝመራ፦ ድንኳኑ ላይቀር ነው። ለሽማግሌ ይሁን ለለቅሶ አንቺ ምረጪ።

ጥሩዓለም፦ ምላስሽ ይቆረጥ!

አዝመራ፦ ይቆረጥ። ባጃጅ ልጥራ?

ጥሩዓለም፦ ... በጓሮ በር አስመጪው።

አዝመራ፦ በጓሮ ጭቃ ነው፣ ይሰምጣል። በፊት ለፊት ነው የምናወጣት።

ጥሩዓለም፦ ሰው ያየናል።

አዝመራ፦ ይየን።

ጥሩዓለም፦ ጠላቴ ነሽ አንቺ። ዛሬም ነገም ጠላቴ ነሽ፣ እወቂው።

አዝመራ፦ እሺ። እግሯን ያዢ።

ጥሩዓለም፦ እግሯን አንቺ ያዢ፣ ራሷ የኔ ነው። ያ ሐኪም ሲጠይቅ ደግሞ አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ የአባቴን አሟሟት እኔ ነኝ የምነግረው።