በአቴንስ ጎዳና አራዳን ስለፈለጉት አሮጊት የተሰጠ ቃል

ኢትዮጵያ ትቅደም

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ አጥናፉ ወልደሰንበት
ዕድሜ፦ 31 ዓመት
ሥራ፦ በማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ጠራዥ፤ የከፍተኛው ብስክሌት ክበብ ተወዳዳሪ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ከፍተኛ 2፣ ቀበሌ 06፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 5 ቀን 1976 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ፀሐዬ በርሄ በውጭ አገር ከቡድኑ ተለይቶ ሊኮበልል ሞክሯል ስለመባሉ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ሸምሰዲን አወል

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር የማውቀውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እንድናገር ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪውን ፀሐዬ በርሄን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ወላጆቹ ከአዲግራት መጥተው ከእኛ ግቢ ጎን ይኖሩ ነበር፤ እሱ ግን የተወለደው እዚሁ ነው። በጋራዥ ሠራተኛነት ይተዳደራል። ጠብም ሆነ የሥጋ ዝምድና የለንም። ወዳጅነት ግን አለን፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ወር ክበባችን ለወዳጅነት ውድድር ቡልጋሪያ ተጋብዞ አምስት ሆነን ሄድን። የቡድኑ መሪ ጓድ ብርሃነ ካላዩ ነበሩ። በቡርጋስ ከተማ በተደረገው ውድድር ፀሐዬ ከብዙ አገር ብስክሌተኞች መካከል ሦስተኛ ወጣ። መጨረሻ ላይ ሰንሰለቱ ወልቆበት፣ ወርዶ በእጁ መልሶ፣ ጥለውት የሄዱትን እየለቀመ ደርሶባቸው ነው። ባንዲራችን ሲሰቀል እኔ ወደ ኋላ የቀረሁት ሰው አንደኛ የወጣሁ ያህል እንባዬ መጣ። ሃምሳ አለቃው ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ጠይቀውኝ፣ ሊኮበልል ያሰበ ሰው ሜዳሊያውን ለእናቴ ብሎ በካልሲ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ አይከትም ብዬ መልሻለሁ።

በመመለሻችን አቴንስ አድረን በማግሥቱ ማታ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን አውሮፕላን እንድንይዝ ተወሰነ። ጓድ ብርሃነ ፓስፖርታችንን እሳቸው ዘንድ አስቀምጠው፣ ሁለት ሁለት እየሆንን ከተማውን እንድናይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈቀዱልን። እኔና ፀሐዬ አብረን ወጣን። ስንዞር ቆይተን የእኛን አትክልት ተራ የመሰለ ገበያ ደረስን። ተሸካሚው መንገድ ልቀቁ እያለ ይጮኻል፣ ቲማቲሙ መሬት ላይ ተረጋግጧል። ፀሐዬ «ሽታው ሳይቀር የሰፈራችን ነው» ብሎኝ ሳቅን።

ከገበያው ጥግ ሰው ተሰብስቦ አየን። ጥቁር የለበሱ አንዲት ነጭ አሮጊት እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም፤ ይደማል። አንድ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ ሊያስነሳቸው ሲል ይመቱታል። እኛ አልፈን ልንሄድ ስንል አሮጊቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኧረ የሰው ያለህ! ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በየት በኩል ነው የሚወረደው?» አሉ። ያሉት በአማርኛ ነው።

ጆሮዬ የዋሸኝ መስሎኝ ደርቄ ቀረሁ። ፀሐዬ «ሰማህ?» አለኝ። «ሰማሁ» ከማለቴ ሰዉን እየገፋ ገብቶ ፊታቸው ተንበርክኮ ነበር።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» አላቸው።

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩትና «የት ጠፍታችሁ ነው? ስጣራ ውዬ የሚሰማኝ አንድ ሰው ልጣ?» ብለው ተቆጡት። «ድልድዩን አፍርሰውታል መሰለኝ፤ ብዞር ብዞር አጣሁት።»

«ድልድዩ እንዳለ ነው እማማ። እኛም የዚያው ሰፈር ልጆች ነን።»

«ታዲያ ውሰዱኛ!» ብለው እጁን ጨበጡ። ከዚያ በኋላ ያንን እጅ እስኪመሽ አልለቀቁም።

ፀሐዬ በጋራዥ ከድሮ ሠራተኞች የለቀማት ትንሽ ጣሊያንኛ አለችው። ከተሰበሰበው ሰው አንድ ዓሣ ሻጭ ጣሊያንኛ ይችል ስለነበር በእሱ በኩል ከፖሊሱ ጋር ተነጋገርን። ፖሊሱ ሴትዮዋ አእምሯቸውን የሳቱ ናቸው፣ የሚናገሩት ቋንቋ አይደለም፣ የእብዶች ሆስፒታል ልወስዳቸው ነው አለ። ፀሐዬ ቀና ብሎ «ንገረው፤ እኚህ ሴት አላበዱም። አማርኛ ነው የሚናገሩት፣ የአገሬን ቋንቋ። መንገድ ነው የጠየቁት» አለ። ዓሣ ሻጩ ሲተረጉምለት ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። በሕይወቴ ብዙ ቦታ በቋንቋዬ ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼበት አላውቅም።

ፖሊሱ እግራቸው እስኪታከም አብረናቸው ወደ ሆስፒታል እንድንሄድ ለመነን። በመንገድ ላይ ካሊዮፒ እንደሚባሉ፣ በሰፈር ማዳም ካሎ ተብለው እንደሚጠሩ፣ ከባላቸው ጋር ፒያሳ ክርና አዝራር ይሸጡ እንደነበር ነገሩን። ሱቁን ልጅ ሆኜ አስታውሰዋለሁ። ሃምሳ አለቃው ስለተወረሰ ቤት ወይም ንብረት ተነጋግራችኋል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልተነጋገርንም። እሳቸው የጠየቁን ስለ ጎረቤት ብቻ ነው፤ እገሊት ወለደች ወይ፣ እገሌ መጠጡን ተወ ወይ እያሉ። እኛም የምናውቀውን ነገርናቸው። የሞቱትን ግን ደህና ናቸው ብለናል። በዚህ ዋሽተናል፤ በሌላ አልዋሸንም።

ሆስፒታል ሐኪሙ እግራቸውን ሊሰፋ መርፌ ሲያነሳ አልጋው ላይ ተነሥተው ቆሙ። ፀሐዬ «እማማ፣ የአራዳ ልጅ መርፌ ይፈራል እንዴ?» አላቸው።

«መርፌውን ማን ፈራ? የያዘውን ሰውዬ ነው እንጂ!» ብለው መለሱ።

እኔና እሱ በሳቅ ስንፈርስ እሳቸውም ሳቁና ተኙለት። ሐኪሙ ምን ቢላቸው ነው ብሎ ጣሊያንኛ በምትችል አንዲት ነርስ በኩል ጠየቀን፤ የአራዳ ቀልድ ወደ ጣሊያንኛ የሚዞር አልሆነም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ፀሐዬን ጊዜው እየሄደ ነው፣ እንነሣ አልኩት። እሱም «አንተ ሂድና ለጓድ ብርሃነ ንገራቸው። እኔ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ይነቃሉ፤ ነቅተው በሰው መሃል ብቻቸውን ሊሆኑ ነው» አለኝ። ስለዚህ ቡድኑን ጥለን እንድንቀር ያሳደመኝ እሱ ነው የተባለው ውሸት ነው። እሱ ሂድ አለኝ። የቀረሁት በራሴ ነው፤ መንገዱን ለብቻዬ ስለማላውቀውና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትቼው መሄዱ ስላሳፈረኝ። ነርሷ ወደ ሆቴሉ ስልክ ደውላ መልእክት አስቀምጣለች። መልእክቱ ለጓድ ብርሃነ አለመድረሱን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። ቡድኑ ያለ እኛ በረረ።

ማምሻውን የማዳም ካሎ ልጅ ያኒ እናቱን ሲፈልግ ውሎ በፖሊስ ተነግሮት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ስንጫወት ሰማን። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ በጥርት ያለ የፒያሳ አማርኛ «እናንተ ደግሞ ከየት ዱብ አላችሁ?» አለን። እናቱ ባለፈው ዓመት ታመው ሲነሡ ግሪክኛው ሙልጭ ብሎ እንደጠፋባቸው፣ የቀራቸው አማርኛ ብቻ እንደሆነ፣ እሱ ሥራ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ የሚሰማቸው ሰው እንደሌለ አጫወተን። እኛን ካገኙ ወዲህ ግን አልጋቸው ላይ ሆነው ነርሶቹን ሁሉ በአማርኛ ያዝዙ ጀመር።

ያኒ ያን ሌሊት ቤቱ አሳደረን። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ለሁለታችንም ነው የተናገረው፤ የመኪና ጋራዥ አለኝ፣ ሥራም መኖሪያም እሰጣችኋለሁ፣ እናቴም ሰው ታገኛለች፣ እዚሁ ቅሩ አለን። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው ተጠርጣሪው የሰጠው መልስ እንዲታወቅልኝ ስለምፈልግ ነው። ፀሐዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ያኒ፣ ወንድሜ፣ እናትህ ሌላውን ሁሉ ረስተው ወደ አራዳ የሚወስደውን መንገድ ይፈልጋሉ። እኔ መንገዱን እያወቅሁት እዚህ ልቅር?» አለው። ያኒ ተነሥቶ ግንባሩን ሳመው። ጥያቄውን አልደገመውም።

ከዚያ ያኒ በመኪናው ወደ ኤምባሲያችን ወሰደን። ጓድ ብርሃነ ፓስፖርታችንን እዚያ ትተውት ስለነበር፣ በእግራችን ገብተን ወደ አገራችን መልሱን ብለን አመለከትን። በተገኘው በሚቀጥለው አውሮፕላን ተመለስን። እንደደረስን ፀሐዬ ተያዘ፤ እኔ ተለቀቅሁ። ለምን እሱ ብቻ እንደተያዘ ስጠይቅ ወንድሙ አጽብሐ ጣሊያን አገር ስለሚኖር ነው ተባልኩ። ጣሊያን ከአቴንስ ሩቅ አይደለም፤ ሊሄድ ቢፈልግ ይሄድ ነበር። እሱ ግን የሄደው ወደ ኤምባሲ ነው።

በመጨረሻ የምትጨምረው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። እሱ ያደረገውን ሁሉ እኔም አብሬው አድርጌአለሁ። ጥፋት ከሆነ የሁለታችን ጥፋት ነውና ከእሱ ጋር ይክሰሱኝ። ጥፋት ካልሆነ ደግሞ፣ በሰው አገር ለወደቀ ሰው ቆሞ፣ የአገሩን ስም በሰው ፊት አክብሮ የተመለሰ ሰው ነውና እናቱ ዘንድ ይግባ።

ይህ ቃል የእኔ ነው። ሲነበብልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የተባለው ሁሉ ሆኗል። ፊት ለፊትም ብጠየቅ የምለው ይህንኑ ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ አጥናፉ ወልደሰንበት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ሸምሰዲን አወል (ፊርማ)

የመዝገብ ማስታወሻ፣ ኅዳር 8 ቀን 1976 ዓ.ም.፦ ከኤምባሲው በቴሌግራም የተገኘው መልስ ምስክሩ ከሰጠው ቃል ጋር አንድ ሆኗል። ተጠርጣሪው በሁለት ሰው ዋስትና እንዲለቀቅ ታዝዟል። ዋስ የሚሆን ቢኖር እንዲገባ ከጣቢያው በር ላይ ጥሪ ሲደረግ፣ ከጠዋት ጀምረው ቆመው የነበሩ የፒያሳ ነጋዴዎችና ጎረቤቶች በአንድ ላይ ገብተዋል። የሚያስፈልገው ሁለት ሰው ብቻ ነው ቢባሉም ማንም አልወጣም። በመካከላቸው እኔ ልቅደም የሚል ክርክር ስለተነሣ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ግደይ ተስፋማርያምና ወይዘሮ የሺዓለም አባይነህ እንዲፈርሙ ተደርጓል። ሌሎቹም ፊርማችን ይቀመጥልን ብለው አጥብቀው ስለጠየቁ በዋስትናው ወረቀት ጀርባ ላይ ፈርመዋል። ተጠርጣሪው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አብሯቸው ወጥቷል።

ሃምሳ አለቃ ሸምሰዲን አወል (ፊርማ)