ኦቦ ተሬፋና የዝግባው ሽበት

ቋ! ቋ! አለ ከጭጋጉ ውስጥ። የጅባት ደን ገና ሳይታይ መጥረቢያው ተሰማ። ጉደር የምትማረው ዱሬቲ ድምፁን ተከትላ ብትወርድ፣ ኦቦ ተሬፋ የሚባሉ የሸነን አካባቢ ንብ አርቢ አንድ ትልቅ ዝግባ ሲቆርጡ አገኘች። ከዝግባው ቅርንጫፎች፣ አገሬው የዛፍ ሽበት የሚለው ግራጫ ክር መሳይ ነገር እንደ ጢም ተንዠርግጓል። ልቧ ደነገጠ፤ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው እሱን ፍለጋ ነበርና።

“አካም ጂርቱ፣ አባቴ! ይበርቱ ልበል ወይስ ይተዉት?”

“ብትይም ባትዪም ይወድቃል። አንቺስ በዚህ ጭጋግ ምን ጠፍቶብሽ ነው?”

“ይኸው ሽበት። የት የት እንደሚበቅል እመዘግባለሁ።”

ሽማግሌው ሳቁ። “በሽታ የሚመዘግብ ሰው ዛሬ አየሁ! ልጄ፣ እከክ የያዘው በግ ከመንጋው ይለያል። ይህ ዝግባ አባቴ ቀፎ የሰቀሉበት ነው፤ የምቆርጠው ሳልወድ ነው። ግን ሽበቱ ወደ ሌሎቹ የቀፎ ዛፎች ሳይሻገር ብዬ ነው። ጎረቤቶቼንም እንዲሁ መክሬያለሁ፤ በማዶው ጋራ ያሉትን ሽበታሞች ቆርጠን ጨርሰናል።”

“የእርስዎስ ሽበት ራስዎን በላው?”

“ወይ ምላስ! እኔ ዛፍ ነኝ?”

ዱሬቲ አንድ ዘለላ መዘዘች። “ይመልከቱ፤ ሥር የለውም። ዛፉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ዛፉን አይበላም። ኑሮው ከጭጋግ፣ ከብርሃንና ከንጹሕ አየር ነው።”

“ይህ የመጽሐፍ ነገር ነው።”

“እሺ፣ መጽሐፉን እንተወው። በማዶው ጋራ ሽበታሞቹን ከቆረጣችሁ ወዲህ የቀሩት ዛፎች ዳኑ?”

ኦቦ ተሬፋ መጥረቢያቸውን ተደገፉ። “ጫፋቸው ደረቀ።”

“ጭጋጉስ?”

“ድሮ እስከ ረፋድ ይተኛ ነበር። አሁን ማለዳውኑ ይበተናል።”

“ቀፎዎቹስ?”

“ባዶ ናቸው።”

ሰው በመልክ ብቻ ሲፈርድ እንዲህ ነው፤ ደጁን የሚጠብቀውን ውሻ ጅብ መስሎት ይወግረዋል።

“የተመዘገበ ነገር ኋላ ይወሰዳል ይላሉ ግን” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“የምጽፈው የሽበቱን ቦታ እንጂ የሰው ስም አይደለም። ያልተጻፈ ነገር ሲጠፋ ማን ያውቅለታል? ዛሬ የት እንዳለ ካወቅን፣ ነገ ከየት እንደሸሸ እናያለን፤ ሽበቱ የሚሸሸው ደኑ ሲሳሳ ነውና። ደኑ ለሳሳበት ስፍራ ምንጩ ሳይደርቅ እንደርስለታለን። ደኑ ከቆመ አበባ አለ፤ አበባ ካለም ንብዎ የት ይሄዳል?”

ሽማግሌው የዝግባውን ቁስል በመዳፋቸው ሸፈኑት። “ይድናል?”

“ጥልቅ አይደለም፤ ይድናል።”

“እንግዲያው መጀመሪያ ይህንን ጻፊው።”

ዱሬቲ ለመጻፍ ስታጎነብስ፣ ከታች ከሸለቆው ሌላ መጥረቢያ ተሰማ። ቋ! “ጎረቤቴ ነው!” አሉ ኦቦ ተሬፋ ቀና ብለው። የእጃቸውን መጥረቢያ ከዝግባው ሥር ጥለው፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይሏት፣ በጭጋጉ ውስጥ ቁልቁል ሮጡ።