ጋሽ ቆይ ያልጠረጉት ሻጋታ

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣

እባካችሁ ተቀመጡ። ጉልበቴ ብዙ ስለማያቆመኝ እኔም ወንበር ስቤያለሁ፤ ቅር እንዳይላችሁ። ይህን የጡረታ ሽኝት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ፣ በተለይ ከጠዋት ጀምራችሁ ወንበር ስትደረድሩ ለነበራችሁ የጽዳት ባልደረቦቼ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ክቡራን ማለቴን ሰምታችሁ እንዳትስቁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ “ጓንትህ የት አለ?” ስላችሁ ኖሬ፣ ዛሬ “ክቡራን” ማለቱ ለራሴም እንግዳ ሆኖብኛል።

ከኋላዬ “እትዬ በረኪና” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የማላውቅ መስሏችሁ ነበር? ስሙን ያወጣልኝ ሾፌራችን ነው፤ እኔ መኪና ውስጥ ስገባ እሱ መስኮት ይከፍት ነበር። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ቤቴም ያው ነኝ። ዳቦ ላይ ነጥብ የምታህል ሻጋታ ካየሁ ዳቦውን በሙሉ እጥላለሁ። ባለቤቴ “አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን እኔንም አውጥተሽ ትጥይኛለሽ” ይላል።

ዛሬ ግን ስለ ንጽሕናዬ እንድትመሰክሩልኝ አልመጣሁም። ደክሞኛል። ያደከመኝ ሥራው አይደለም፤ አንድ ነገር በሆዴ ይዤ መኖር ነው።

ለአዲሶቹ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጣቢያችን የሚያጠናት ጣዝማ የማትናደፍ ንብ ናት። ለእያንዳንዷ እጭ ትንሽ የሰም ጎጆ ትሠራለች፤ ምግቡን አንድ ጊዜ ትሞላበታለች፤ እንቁላል ከተጣለበት በኋላ ትደፍነዋለች። እጯ አድጋ እስክትወጣ ድረስ ሌላ ቀለብ የላትም። እዚያ ምግብ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል።

ሻጋታ ሲታይ ምን ይደረጋል? ይጠረጋል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ብዬ ነበር የማስበው። “ነጭ ካያችሁ ጥረጉ” ብዬ ግድግዳው ላይ የጻፍኩት እኔ የጽዳት ኃላፊዋ ነኝ። አሮጌውን ሰም አስፍቄ አስጥላለሁ፣ ሳጥኑን በአልኮል አስወለውላለሁ፣ ንቦቹ ያከማቹት ምግብ ላይ ፀረ ሻጋታ አስረጫለሁ። አርባ ሁለት ቀፎ ነበረን። ክፍሉ ሆስፒታል ይመስል ነበር።

ቀፎዎቹ ግን መሞት ጀመሩ። “ንግሥቷ ደካማ ናት” አልን። “ዝናቡ በዛ” አልን። ዝናቡ ሲጠፋ ደግሞ “ድርቁ ነው” አልን። እኔ መድኃኒቱን ጨመርኩ።

ያኔ ቀፎ ጠባቂያችን ጋሽ ቆይ ነበሩ። የወጣላቸው ስም ይህ አይደለም፤ ቀፎ ለመክፈት ስንቸኩል “ቆይ እስኪ” ስለሚሉ ነው እንዲህ የምንላቸው። ከሁላችንም በፊት የተቀጠሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው በኩል ያሉትን ቀፎዎች አያስነኩም። እኔ ጓንቴን አጥልቄ ብቅ ስል መጥተው ፊት ለፊቴ ይቆማሉ።

“ጋሽ፣ ሻግቷል እኮ” እላለሁ።

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን አይጠርጉትም?”

“ቤቱ የነሱ ነው። ቢጠሉት ኖሮ ራሳቸው ይጠርጉት ነበር።”

ይህ መልስ ነው? ያኔ ስንፍና መሰለኝ። ሪፖርት ጻፍኩ። ቀፎዎቹን የጨረሳቸው ከጋሽ ቆይ በኩል የሚመጣ ሻጋታ ነው፤ መንስኤውም የሠራተኛው ቸልተኝነት ነው አልኩ። በዚሁ አዳራሽ፣ አሁን የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ቆሜ አነበብኩት። እሳቸው እዚያ ከመስኮቱ አጠገብ ነበሩ። በሳምንቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ቀፎዎቻቸውንም እኔ ራሴ አጸዳሁ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ጠርሙስ ሲረከቡና ሲያስረክቡ ኖሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ይቺ ዶክተራችን መጣች። እጮቹን በፕላስቲክ ሳህን እያሳደገች ማየት ፈለገች፤ ሃምሳውን ንጹሕ ምግብ ላይ፣ ሃምሳውን ሻጋታ ያለበት ምግብ ላይ። ንጹሑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ደረቴን ነፍቼ። ከንጹሑ አራት ተረፉ። ሻጋታ ካለበት ሠላሳ ስምንት።

“ሳህኖቹ ተቀያይረው ነው” አልኳት።

“እንድገመዋ” አለችኝ።

ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው ማይክሮስኮፑን ወደኔ አዞረችና፣ “እትዬ፣ ይዩዋት፤ እየበላችው እኮ ነው” አለች። አየሁ። እጯ ነጩን ክር ትበላለች። ያ ሻጋታ ቀለቧ ነበር። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈውም በአሮጌው ሰም ነው፤ እኔ አስፍቄ ሳስጥለው በኖርኩት ሰም።

ዶክተሯ ሻጋታውን ከየት ያገኘችው ይመስላችኋል? ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ካሉት ሁለት ቀፎዎች። ጋሽ ቆይ ሲዛወሩ ከኔ ደብቀው ወስደው ያተረፏቸው ናቸው። ዛሬ ከአርባ ሁለቱ የቀሩን እነሱ ብቻ ናቸው።

ዶክተሯ ጥናቷን ስታቀርብ ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። እኔም አጨበጨብኩ። ስለ ጋሽ ቆይ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔም አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ እውነት አላችሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የወጋሁት እኔ ነኝ፣ መርሳቱ ግን አልሆነልኝም። አፍሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው በር ከፍታ ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። “አባዬ ስለ ቀፎ ሲወራ አይወድም” አለችኝ። ቢሆንም አስገባችኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆይተው፣

“ስንት ቀፎ ቀረ?” አሉ።

“ሁለት።”

“የኋላዎቹ?”

“አዎ፣ የኋላዎቹ።”

“አርባው አለቀ?”

“አለቀ፣ ጋሽ።”

ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ስለ ራሳቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ያለቀሱት ግን ለቀፎዎቹ ነው። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። “ያንን ወረቀት ሰው ፊት ነው ያነበብሽብኝ” አሉ። “ይሄንንም ጽፈሽ እዚያው አንብቢው። ከዚያ ነይና እናወራለን።” ዛሬ እንዲመጡ ለመንኳቸው። እዚያ አዳራሽ ሁለተኛ አልገባም አሉኝ።

እንግዲህ አነባለሁ።

“ለሠራተኛው የግል ማኅደር። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ያቀረብኩት ሪፖርት ስሕተት ነው። ቀፎዎቹን የጨረሳቸው የሠራተኛው ቸልተኝነት ሳይሆን የእኔ ማጽዳት ነው። ሻጋታው እንዳይነካ መከልከላቸው ትክክል ነበር። በጣቢያው የቀሩት ሁለት ቀፎዎች የተረፉት በእሳቸው ነው።” ፊርማዬ ከታች አለ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ከፊርማዬ ሥር ለእርስዎ ቦታ ትቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ስጦታ አይቼዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን መጀመሪያ ይህ ይፈረምልኝ።

አመሰግናለሁ። ቀኑንም ቢጽፉበት።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ዕድሜዬ ለዚህ እንኳ ደርሷል። ጤናና ሰላም አይለያችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ሁለቱ ቀፎ ለዶክተራችን አርባ ይሁንላት። ያላወቃችሁትን ነገር ለማጥፋት ከመቸኮል ይሰውራችሁ። ጡረታ የምትወጡበት ቀን ሲደርስ ደግሞ፣ ከምስጋና በቀር የምታነቡት ወረቀት አይኑራችሁ።

ሾፌራችን ውጪ እየጠበቀኝ ነው። የምሄደው ወደ ቤቴ አይደለም። ጋሽ ቆይ “አነበብሽው?” ይሉኛል። “አነበብኩት፤ ተፈርሞበታል” እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ምንም ቢሉኝ ግን፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አድርጌው የማላውቀውን አደርጋለሁ፤ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ።

ደህና ሁኑልኝ።