የጥንቸሏ ደረት

የጥንቸላችን ደረት ተመልጦ ባይ ጊዜ እከክ መሰለኝ። ልጄ ፎዚያ አቅፋት ነው የምትውለው። ባለቤቴን ዘይነባን «የተኛችበትን ጭድ አውጥተሽ አቃጥይው» አልኳትና ጥንቸሏን በካርቶን ይዤ ከሚሴ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሮጥኩ።

ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰና «በሽታ አይደለም፤ ለልጆቿ የሚነጠፍ ፀጉር ራሷ ነጭታ ነው። ወልዳለች እኮ! ልጆቿስ?» አለኝ። አቃጥይው ያልኩት ጭድ ትዝ አለኝ። ብደውል ብደውል ዘይነባ አታነሳም። ባጃጅ ውስጥ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያልኩ ደረስኩ።

ጭዱ ግቢው መሐል ተከምሯል፤ ዘይነባ ክብሪት ልትጭር ነው።

«ተይ!» ብዬ ጮህኩና ጭዱን በእጄ ፈለቀቅኩት። ከመሐሉ ድቡልቡል ፀጉር ወጣ፤ ይሞቃል፣ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ዘይነባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አብሽሪ፣ ተርፈዋል» አልኳትና ክብሪቱን ከእጇ ወሰድኩ።