የኪንዴዋ ሆድ

ሮሳውራዬ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ አግዳሚው ደርቋል። ጭጋጉም ዛሬ ቶሎ ተነሣልን። የሙዝ ድብልብሉን፣ ቦሎኑን ጠብሻለሁ፣ አይብ አብዝቼበታለሁ፣ ብዪ እንጂ። ቧንቧው ስለሚጮኽ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት። ማዶ በረንዳው ላይ አዲስ ባርኔጣ የሚቦርሹም ቢሰሙን ምን የምንደብቀው አለን...

እስቲ ስኳር ውሃው ላይ ያሉትን ሁለት ኪንዴዎች፣ እነዚያን አበባ መጣጭ ወፎች እያቸው። ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ጆሯቸው ሐምራዊ። የእኅትማማች ልጆች አይመስሉም? ትንሿ ከንጋት ጀምራ ቅርንጫፍ ላይ ስትዘምር ትውላለች። ትልቋ ደግሞ... ኧረ ትልቋ ታታሪ ናት፣ ምን ይወጣላታል። ትንሿ አበባ እስክታገኝ በትዕግሥት ትጠብቅና ከአበባው ታባርራታለች። ይኼም ሙያ ነው፣ አይደል?

ስማቸው ጆረ ሐምራዊ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጆሮ ጆሯቸውን ያያል። ልዩነቱ ግን ሆዳቸው ላይ ነው። የትንሿ ሆድ እንደ ጀርባዋ አረንጓዴ ነው። የትልቋ ግን... ሆዷ ሌላ ነው። ሐምራዊ ማለቴ ነው፣ ምን ያስቅሻል?

ለአንድ ሰው ብቻ በተከፈተችው የወፍ አስጎብኚነት ቦታ ፈተና ላይ አንዲት ጎበዝ ነበረች አሉ። ፈታኙ "ሁለቱን በምን ትለያቸዋለሽ?" ቢላት ጆሮዋን ያዘች። አንዲት ሞኝ፣ እነዚህን ወፎች አሥራ አንድ ዓመት ያበላች ሞኝ፣ ተራዋን እየጠበቀች ሳለ ዘመድ አይዋረድ ብላ ከኋላ "ሆድ፣ ሆድ" ብታንሾካሹክላት፣ ጎበዟ እጇን የራሷ ሆድ ላይ አሳረፈች። ፈታኙ የኪንዴዋን ሆድ ያሳየችው መስሎት አጨበጨበላት። የአስጎብኚው ባርኔጣም ለእሷ፣ ቦታውም ለእሷ ሆነ። ሞኟ ይኸው ስኳር ታማስላለች። ሦስት ቀን አለቀስኩ... አለቀሰች ማለቴ ነው። አሁንስ ያቺ ሆድ ላይ ያረፈች እጅ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ማማሰያው በሳቅ ከእጄ ይወድቃል።

ነገ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ይመጣሉ አሉ። እኔ በጠዋቱ አውቶቡስ ኪቶ፣ እኅቴ ዘንድ ነኝ። ከኋላ የሚያንሾካሹክ ባይኖርስ ምን ቸገራት፣ ሆዷ የት እንዳለ ታውቃለች።

ባርኔጣው ደግሞ ሲያምርባት... ክፉ አላስብላትም። ድንግል ትከተላት። ወፎቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ እሷ አዙረው ይቁሙላት። እሷን ግን፣ ሮሳውራዬ፣ አሜን በዪ... ዕድሜ ልኳን ጀርባዋን ብቻ አይቶ የሚወዳት ሰው ይስጣት፤ ሆዷን የሚያይ አይግጠማት።